አሥራ አንድ ሰከንድ

ነገ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ።
ሳህኑን አነሣሽ፣ ጠረጴዛውን ወለወልሽው፣
ደረቀ ስልሽ ደግመሽ ወለወልሽው፣
ከዚያ ያንን ወፍራም አቃፊ ዘረገፍሽው።

የሦስት ዓመት ወረቀት።
አንዱ የሐኪም፣ አንዱ የንግግር ባለሙያዋ፣
አንዱ ጥግ ላይ የካቻፕ ጠብታ፣
አንዱ ጭራሽ የሊንያ አይደለም፤
የማሞቂያው ጋዝ ሒሳብ ነው።
እሱም ያስፈራል፤ ግን የነገ ተረኛ አይደለም።

ውጭ ዱሉዝ ነው፣ ሐይቁ በረዶውን ገና አልለቀቀም።
ፀደይ እዚህ እንደ ባለዕዳ ነው፤
ነገ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ይላል።

አነበብሁልሽ፤
«ተማሪዋ ከመቶ ሦስተኛው እርከን ላይ ትገኛለች።»
ዕድሜዬን ወደብ ላይ፣ ብረት ሲጫን ሚዛን ሳነብ የኖርሁ ሰው፣
ሦስተኛ ሲል ደስ አለኝ።
ውድድር መስሎኝ።
ከመቶ ልጅ ሦስተኛ የወጣች መስሎኝ።
ቀና ብለሽ አየሽኝ።
አስረዳሽኝ፤
ቀስ ብለሽ፣ ለእሷ እንደምታስረጂው።

«ርዕሰ መምህሯን ሁንልኝ» አልሽኝ። ሆንሁ።
መነጽርሽን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰካሁ፤
«ወይዘሮ ማርጊት፣ ስጋትዎን እንረዳለን፣
ነገር ግን በጀቱ፣ ነገር ግን የሰው ኃይል...»
በአንድ ትንፋሽ ሁለት «ነገር ግን»።
ተዋጣልኝ። እንዲህ ያለው ይዋጣልኛል።
የጻፍሽውን ማንበብ ጀመርሽ፣
ሦስተኛው መሥመር ላይ ድምፅሽ ከዳሽ።
«በቃ ዴል፣ ፊትህን መልስ።»
መነጽሩን አወለቅሁ፤
ፊቴ ግን ቶሎ አልመጣልኝም።

ሃያ ደቂቃ ነው የሚሰጡን፤ አርባ እንጠይቅ?
ስልሳ ብለን እንጀምር፣ አልሁ።
ያገለገለ መኪና ነው እንዴ የምንገዛው፣ አልሽ።
ጎረቤታችን ኦዲል፣
በልጇ ምክንያት እዚያች ክፍል አሥራ አራት ጊዜ የተቀመጠችው፣
«ፎቶዋን ጠረጴዛው መሃል አድርጉት» ብላለች፣
«ሰው ፊት ሲያይ ቃሉን ይመርጣል።
ደግሞ እዚያው እንዳትፈርሙ፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፤ የወላጅ ስጋት።
አራት መሥመር።
ጓደኛ የላትም፣ ብለሽ ጻፍሽ፤ ሰረዝሽው።
እኛ ስንሞት፣ ብለሽ ጀመርሽ፤
እሱን እኔ ሰረዝሁት።
ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤
እንዲያ ቢሆንማ እዚህ ቤት
የጋዝ ሒሳብ ማን ይፈራ ነበር!

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መርከብ ጮኸ፤
የዘንድሮው የመጀመሪያ።
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።
ድልድዩ በዚያው ቋንቋ መለሰለት።
ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፣
ሐይቁም፣ ማቀዝቀዣውም፣ አንቺም።
ከዚያ ከላይ፣ ከሊንያ ክፍል፣
መዳፍ ግድግዳ ሲፈትግ፣
ኳ፣ ኳ።
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ደረጃውን በካልሲ ወጣሁ።
በሯን ፈተግሁ፣ ኳ፣ ኳ አደረግሁ።
ሰዓቴን አየሁ።
አራት። አምስት። ስድስት።
ሰባት ላይ እግሬ ሊዞር ነበር።
አሥራ አንድ ላይ መለሰች።
ደገምሁ፤ አሥራ አንድ።
ታች አንቺ ገጽ እየገለጥሽ ነበር፣
ዘጠነኛው ላይ አገኘሽው፤
ፈታኙ አምስት ሰከንድ ይጠብቃል ይላል፣
ከዚያ ምልክት ያደርጋል።
መልስ የለም። መልስ የለም። መልስ የለም።
ከላይ እስከ ታች፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት።

እነሱ በአምስተኛው ሄደዋል።
እኔስ?
በዚያ ሁሉ እራት፣ በዚያ ሁሉ መኪና ውስጥ፣
በሰባተኛው ስንቴ ዞሬያለሁ?

ሣጥኑ ውስጥ ጻፍሽ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ጠብቋት።
ሦስት መሥመር ተረፈን።

የሚያስቀምጡን የሕፃናት ወንበር ላይ ነው፤
ጉልበቴ አገጬን ሊነካ።
ለቀብር ብቻ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኩሰሻል።
ይስሙን አይስሙን አላውቅም።
«እንደገና ርዕሰ መምህሯን ልሁን?» አልሁሽ።
ወዲያው አልመለስሽልኝም።
እኔም አልደገምሁም።