ዕረፍት

ጳጉሜ ደሞዝ የላት፣ ኪራይ አይጠየቅባት፣
ከዓመቱ ጓዳ የተረፈች፣ አምስት ቀን ብቻ ያላት፤
አባባ ፈቃድ ወጣባት።

ከማተሚያ ቤት ያመጣው፣ ቀለም የፈሰሰበት፣
የካላንደር ብላሽ ነበር ግድግዳችን ያጌጠበት፤
ፈረንሳይ ያለ አንድ ወንዝ፣
ሰማያዊ ድንኳን ከዳሩ፣ እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ውሻ፣
ቀኖቹ ተደራርበው፣ የጠፋቸው መነሻ መድረሻ።
ኤፍራታ ጣቷን ቀስራ «እኛስ መቼ ነው?» ስትለው፣
«ወንዝማ» አለ አባባ፣ «ከጓሯችን ያለው ምንድነው?»

ከጓሯችን ያለው ግንፍሌ ነው።
የላይ ሰፈር የሳሙና አረፋ ይዞ የሚወርደው፣
ያንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ባዶ ሃይላንድ የሚነዳው፣
ክረምት ሲሆን ድንጋይ እያንከባለለ ሌሊቱን የሚያወራው።

ጋሽ ወልደየስ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ መዝገቡን ገልጦ፣
«ማን አረፈ?» አለው፣ ከንፈሩን መጦ።
«ማንም።»
«ታዲያ ድንኳኑ?»
«እኛ ነና ልናርፍ! አራት ራስ፣ ለሁለት አዳር።»
ጋሽ ወልደየስ አማተበ፣ እርሳሱን ምራቅ አስነካ፣
«ምክንያት» ከሚለው ሥር «ዕረፍት» ብሎ ጻፈ፤
ቃሉም አልዋሸም ለካ።

ተከልነው። ችካሉ ድንጋይ አገኘ፣ መዶሻም ታጣ፣
የእማዬ ዘነዘና ከጓዳ ወጣ።
ግራጫ ሸራ፣ ሰማያዊ ያልሆነ፤ ጥጉ የሻማ ጠብታ ያረገዘ፣
የስንቱን ቤት ለቅሶ ጠጥቶ የደነዘዘ።

ድንች እሳት ውስጥ ቀበርን።
ልጣጩ ገና ሳይከስል፣ ከድልድዩ በኩል ጩኸት፤
እትዬ ደብሪቱ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ደረቷን እየመታች፣
«ወየው! ማንን? ማንን?» እያለች ቁልቁለቱን ወረደች።
አባባ በቁምጣ፣ በእጁ ድንች፣
«ይግቡ» አላት። ቆመች።
እኛን ቆጠረች። እማዬን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።
«ሟርተኛ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጀርባውን ገረፈችው፣
ከዚያ ተቀመጠች፤
ድንቹን ከእጁ ወሰደችው።

ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቷል፣ ደርሷል እስከ አራት ኪሎ፤
ሰው መጣ፣ አንዱ አግዳሚ፣ አንዱ ንፍሮ በሳፋ አንጠልጥሎ።
የሞተ እንደሌለ ሲሰሙ፣ ማን ይመለስ? ንፍሮው ትኩስ ነው!
ካርታ ተበወዘ። አባባ በተበላ ቁጥር፣
«እግዜር ያጽናህ» ይሉታል፤
ሳቁ እስከ ድልድዩ ሥር።

ሌሊት፣ ሁሉም ሲበተን፣ ዘነበ፤ ግንፍሌ ስሙን አስታወሰ፣
የምሰሶው እግር ተፈናቀለ፣ ሸራው ላያችን ላይ ፈሰሰ።
አባባ ምሰሶውን አቅፎ ቆመ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እየላሰ፤
እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ የዝናቡን ድምፅ ደመሰሰ።
እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።
ፋኖሱ ሲወድቅ ሸራው ላይ የስሙኒ ያህል ቀዳዳ ፈጠረ፤
ኤፍራታ በዚያ «ኮከብ አየሁ» አለች።
ዝናብ ነበረ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት፣ ከአስፋልቱ ዳር ተተከለ።
ጋሽ ወልደየስ የለም፤ ልጁ ነው መዝገቡን የያዘው፤
«ማን?» አላለኝም፤ ያውቀዋል።
እትዬ ደብሪቱ በምርኩዝ መጣች፤
ይሄኛው ጩኸቷ አልተሳሳተም።
«አረፈ» ይላሉ። «አረፈ፣ ተመስገን፣ አረፈ።»
ምንም አልመለስኩም።
ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን በቀዳዳዋ አሾልኬ፣
ደረቅ ሰማይ ነካሁ።
ካርታ ሲበወዝ፣ ከሰዉ ድምፅ ሥር ግንፍሌን አዳመጥኩት፤
በግንቦት ውሃው ቀጭን ነው፣
ያወራውን አልሰማሁት።