ኖራና ጥላሸት

ከመሰላሉ ላይ ሦስት ክንድ ከፍ ብዬ
ሲሚንቶ እልጣለሁ፣ ከመሮ ታግዬ።
ከታች ባጃጅ ጮኸ፣ ረዳት ተጣራ፤
«አዘዞ! አዘዞ!» ይላል ከታክሲው ተራ።
መሐንዲሱ መጥቶ ግንቡን ዳበሰና፣
እንደ ሐኪም ጆሮ ጥሎ አዳመጠና፣
«ሲሚንቶ ነው፣» አለኝ፣ «ትንፋሽ ያሳጣው፤
ላቡን በኖራ ነው ድንጋይ የሚያወጣው።»

«ማን ለሰነው?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።
እኔ ግን ዝም አልኩኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።
አባቴ ነው እኮ፣ አጣናው የሚሉት፣
በከረጢት ስንዴ ቀን የቀጠሩት፣
«ባስቸኳይ ይጠገን፣ እንግዳ አለ» ሲሉት
ሌሊቱን በፋኖስ ሲሚንቶ ያስለሰኑት።
ሲነጋ ቤት ገብቶ፣ እጁን በቅቤ አሽቶ፣
«ግንብ አፈንኩ ዛሬ» አለ፤ ተኛ እህል ትቶ።

መሮዬ ገባበት። ሲሚንቶው ሲረግፍ
ብቅ አለ ቀዳዳ፣ ጣት የሚያሳርፍ፤
አንድ አይደለም፣ ሰባት፤ ቆጠርኩት በጣቴ።
የማን ጥይት እንደሆን አልነገረኝ አባቴ፤
«ያ ዘመን» ይል ነበር መጋረጃ ስቦ፤
ሌላው ቃል አይወጣም፣ ጉንጩ ውስጥ ተሰብስቦ።
አጎቴ ቢያድግልኝ ወጣ ሰው አምኖ፤
ጫማው ብቻ መጣ፣ ሶሉ ተጠግኖ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ቂጣ በሚጥሚጣ።
ትዋብ፣ ውሃ አመላላሿ፣ ከቀሃ ስትመጣ
ሁለት ጀሪካን ሙሉ፤ ደርቋል ግን ከንፈሯ፤
ቧንቧ ጠብ ካላለ ሳምንት ሆነው ሰፈሯ።
«ግንቡ ይጠጣ፣» አለች፣ «እኛ እንጠብቃለን፤
እሱ ሽማግሌ ነው፣ እኛ ልጆቹ ነን።»
የቢራ ፋብሪካ መኪና ሲያንደረድር
መሰላሌ ራደ፣ ድንጋዩም ሳይቀር።

ከሰዓት ሌላ ልስን። ቀይ ሸክላ፣ ብረት፤
ያ የጣሊያን እጅ ነው፣ ገጥሞ የሰፋበት፤
ፒያሳን የተከለ፣ ሲኒማና ፖስታ፣
ለአንድ ሸክላ ስባሪ አያቴን የመታ።
ሥራው ግን ቀጥ ያለ፣ ቱምቢ የማያማው፤
ምን ላርግ፣ ግንበኛ ነኝ፤ ጠማማ ነው የማማው።

ከዚያ በታች ጥቁር።
ደርቡሽ ከተማዋን ያነደደ ለት
የጣራው ወይራ ነው የከሰለበት።
በጣቴ ነካሁት፤ ጥላሸት፣ ወፍራም፤
መቶ ምናምን ክረምት አጥቦት አልጠራም።
ሥላሴን ንብ ጠበቀው፤ አምናለሁ፣ ሰምቻለሁ፤
ወደዚህ ጥግ ግን ንብ አልመጣም፤ አይቻለሁ።

ከጥላሸቱ ሥር ኖራው፣ ያ ነባሩ፤
ነጭ፣ እንደ ዛሬ ጧት፤ አልላላም ዳሩ።
ንጉሥ አስገነባው ይላል ታሪከ ነገሥቱ፤
ማን አቦካው አይልም፣ ማን ተላጠ ጣቱ፤
ወለቃ ላይ ማን ነው መሮውን የሳለ፣
ከአንገረብ ቁልቁለት ድንጋይ የፈነቀለ።
እዚያው፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ስንዝር በማይሞላ፣
እጅ አለ። አምስት ጣት። ምንም የለም ሌላ።

ኖራው እርጥብ ሳለ፣ እንስራው ከብዷት ወይ?
ለአፍታ ተደግፋ ሽቅብ አየች ሰማይ?
የኔን ገጠምኩበት፤ አልገባም፣ ሰፋበት፤
ትዋብን ጠራኋት፤ የሷን ለካችበት።
አውራ ጣቷ ብቻ ትንሽ አለፈችው፤
«ውሃ ቀጂ ናት» አለች፣ እንደምታውቃት ሰው።

መሐንዲሱ መጣ፣ ሰዓቱን አየና፤
«ድፈነው፣» አለኝ፣ «ነገ እንግዳ አለና።»
እንግዳ። ያው ቃል ነው፣ ያ የአባቴ ሌሊት፤
ዞሬ ለሰንኩላት ግራና ቀኟን፣ ፊት፣
ሰባቱን ቀዳዳ አንድ ባንድ ሞላሁ፣
አምስቱ ጣት ጋ ስደርስ ማንካዬን አነሳሁ።
«ኖራው አልቋል፣» አልኩት፣ ሳልዞር፣ ሳልደናገር፤
ከትዋብ ነጠላ ሥር ግማሽ ባልዲ ነበር።