አሥራ ሰባት ዲግሪ

ሳጥኑ ከቪጎ በፖስታ ሲመጣ፣
ኤላዲዮ ቀደደው፤ ብረት ብረት ወጣ፦
ሁለት መቆንጠጫ፣ አንድ ቀጭን ዘንግ፣
የልጃችን ደብዳቤ፣ የተጻፈ በወግ፣
አራት የአልማዝ ሞረድ፣ ማስቲካ የሚያህል፣
ከጎኑ ባለ ጥርስ ክብ፣ ዲግሪ የሚያድል።
«አባባ፣ ለልደትህ። እጅህ ትንሽ ይረፍ፤
ዝንባሌውን እሱ ይያዝ፣ አንተ ዘንጉን ቅዘፍ።
ኢሪያ ነኝ።»
«ደግሞ ለቢላዋ ምርኩዝ!» ብሎ ሳቀ፣
ከባቄላው ጣሳ ኋላ ወስዶ ወሸቀ።

ባሌ ሞራጅ ነበር። ከኦውሬንሴ ተነሥቶ
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጎማ ገፍቶ፣
ዋሽንቱን እየነፋ ስንት ከተማ ገብቶ።
ድምፁን የሰሙ ሴቶች ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ፤
«ሞራጁ መጣ፣ ዝናብ አይቀርም» ይላሉ።
እውነትም ይዘንብ ነበር።
ጋሊሲያ ነው፤ መቼ ሳይዘንብ ቀርቶ?

ያኔ ዝንባሌው ክንዱ ውስጥ ነበረ፤
ማንም አልለካለት፣ እሱም አልቆጠረ።
ዘንድሮ ግን ሾርባ ሲጠጣ
ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ይዘንባል።
ለገና የጎረቤታችንን የኤርሚኒያን ካራ ሳለ፤
አፉ እንደ ሲል ወንዝ ተጠማዘዘ፣
እዚያ ጋ ስል፣ እዚህ ጋ ዱልዱም ሆኖ ዋለ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወሰደች፣ ምንም ሳትናገር።
በሳምንቱ በመስኮቷ አየናት፣ ጎመን ስትከትፍ ነበር፤
የያዘችው አዲስ ነው፣ ቢጫ እጄታ ያለው።
ኤላዲዮ መጋረጃውን ሳበው።
ስለ ድንች አወራኝ፣ እስኪመሽ።
እኔ በልቤ ለማርያም ተሳልኩ፤
እጁ ከጸናለት አንድ ክንድ ሻማ አልኩ።

በመጋቢት አንድ ሌሊት ነቃሁ፤ ጎኔ ባዶ።
ጆሮዬን ወደ ኩሽና ጣልኩ።
ይስላል።
የቱን? ደረቱን ነው ወይስ ብረቱን?
ያ ሁሉ ዘመን የዋጠው የድንጋይ ብናኝ ነው፣
ወይስ ሌላ ነው የምሰማው?
ሁለቱም ነበር። እየሳለ ይስላል፤
ቆም ይልና ደግሞ ይቀጥላል።

በበሩ ስንጥቅ አጮለቅሁ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ፣
«ለአንድ ቀን አውሺኝ» ብሎ ያመጣው የኤርሚኒያ ካራ
ጀርባው በመቆንጠጫ ተነክሶ፣
ዘንጉ ይሄዳል፣ ይመጣል ተመልሶ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዘንጉ አልሰማም።
ሃያ ላይ የቆመውን ጥርስ ወደ አሥራ ሰባት አወረደ፤
«የእኛን ጎመን ማን ነገራቸው!» አለ፣ ብቻውን።
ከሻካራው ወደ ልዝቡ ሞረድ ተሻገረ፤
በጥፍሩ ሲዳስስ ከአፉ ጫፍ የተንጠለጠለች
የብረት ጸጉር አገኘ፤ ገልብጦ ሳለ፣ ገልብጦ፣
እስክትጠፋ።
ከዚያ የትናንቱን ጋዜጣ አነሣ፣ የሟቾቹን ገጽ፤
ካራው ድምፅ ሳያሰማ
ስምን ከስም እየለየ እስከ ታች ወረደ።
ስለቴ ደረሰ፣ አልኩ። ስለት በስለት።

ገባሁ። ደንግጦ እንዳይታፈር
መሳቢያውን ከፍቶ የእኔን ያወጣ ጀመር፦
የሠርጋችንን። ድሮ መዳፍ ያህል ሰፊ፣
ሲሳል ሲሳል የአኻያ ቅጠል ሆኗል።
«እሱን ተው» አልኩት።
«ዶልድሟል እኮ።»
«ይዶልድም። በሳልከው ቁጥር ቀነስክልኝ፤
የተረፈው ይቆይልኝ።»
አየኝ። እጁን አየ። መልሶ አስገባው።

ጧት ኤርሚኒያ መጣች፣ ካራዋን በወሰደች በሰዓቱ፤
ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፊቷ በሳቅ ተሞልቷል፤
«ሰይጣን ይውሰደው ያንን እጅህን፣ ኤላዲዮ!
አሁንም ያው ነህ!»
ትከሻውን ነቀነቀ፣ አፉን በዳቦ ሞላ።

እኔ በሩ ሲንኳኳ ቀድሜ
ሳጥኑ ላይ የዳቦ ጨርቅ ጥዬ ነበር፤
ለካ ዘንጉ እንደ ድመት ጭራ ወጥቶ ቀርቷል።
ቡናዋን እስክትጨርስ
በክርኔ ተደግፌው ቆየሁ።