አለቃ ሲያልቅ

አማጋሳኪ ላይ፥ ከባቡር ድልድይ ሥር፥
ዘጠኝ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፥ ሳንቲም ጎርሰው የሚያነጉ በመሽከርከር።
የማታ ጠባቂ ነኝ። አረፋ እጠርጋለሁ፤
ጥንዱን ያጣ ካልሲ ገመድ ላይ ሰቅዬ ባለቤቱን እጠብቃለሁ።

በሰኔ ዝናብ ነው፥ ከሰባተኛው ማሽን ጀርባ፥
አንድ ቀጭን ልብወለድ ያገኘሁት፥ ጠርዙ እርጥበት የገባ።
ሽፋኑ ላይ ሴት አለች፥ እጇን አጣምራ፥
መነጽሯ ከምላጭ ይልቅ የሚያበራ።
ቶጋኖ ትባላለች፤ የክፍል ኃላፊ፤
ሪፖርት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መላሽ፥ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ቀይ ቀለም አርከፍካፊ።
ከሥሯ የሚሠራው ልጅ፥ እንቅልፍ የራቀው፥
በየምዕራፉ ረግሟት ሲያበቃ፥ «እሺ» ነው ካፉ የሚወጣው።
መጨረሻው ላይ ግን ይገለጣል ምሥጢር፦
እሱ ላጠፋው ሁሉ፥ ደንበኛ ፊት ቆማ ይቅርታ ስትለምን ኖራለች፥ ለማንም ሳትናገር።

መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። የመጣ ያነሣል።
ልብስ እስኪደርቅ አርባ ደቂቃ፥ ሰው ሌላ ምን ይሠራል?

ኩሬሃ፥ የአሥራ ሰባት ዓመቷ፥ የደንብ ልብሷን ልታጥብ መጥታ
ሳቀች፥ ሳቀች፥ ጎኗን እስኪወጋት፤ እኩለ ሌሊት ሆነ እናቷን ረስታ።
«እኔም እንዲህ ያለች አለቃ በኖረችኝ!» አለችኝ።
ገና ደመወዝ አልቀመሰችም። ዝም አልኋት፤ አሳዘነችኝ።

ኢሶጋይ ግን፥ የብሎን ፋብሪካው ሒሳብ ሹም፥
ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ የሚመጣው፥ ፈገግ የማይል በፍጹም፥
አርባኛው ገጽ ላይ ጠረቀመው፤ ማሽኑ ራሱ ደነገጠ።
«ከሥራ ወጥቼ ሥራ ላንብብ?» አለ፥ «የኔን እንቅልፍ ነው ይህ ሰው ቀልድ ብሎ የሸጠ!
ደግሞስ በስውር ማዘን ምንድን ነው? ሰው በአደባባይ ተሰድቦ
በጓሮ ቢካስ፥ ዕዳው ይሰረዛል ወይ ታስቦ?»

ሚዙሆ፥ የሌሊት ነርሷ፥ ሁለቱንም ሰማች።
እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ማር ነው፥ ከዚያ ወዲያ ተንዛዛ አለች፤
«እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ከበደኝ። ሥዕሎቹ ግን ያምራሉ፤
የኛ ዋና ነርስ እንዲህ ሆና ብትሣል በሽተኞች ይድናሉ።»

ሲውል ሲያድር መጽሐፉ ችሎት ሆነ፤
አንዱ ሲከስ ሌላው ሲሟገት፥ ኅዳጉ በእርሳስ ተከደነ።
«ውሸት!» ይላል አንዱ። ከሥሩ፦ «እውነት ነው፥ የኔም እንዲህ ነበረች።»
ከዚያ ሥር፥ በቀጭን ጽሕፈት፦ «ታዲያ ለምን ለቀቅህ?» መልስ አጥታ ቀረች።

ሃጊኖ የመጣው በነሐሴ ነው፤ የብረት ማቅለጫ ጡረተኛ፥
ሁለት ሸሚዝ ብቻ የሚያጥብ፥ ቃል ቆጣቢ፥ ዝምተኛ።
ሠላሳ ዓመት ሰው አዝዟል። ሦስት ሌሊት አነበበ፤
አልሳቀም፥ አልተቆጣም፤ ገጹን ይዞ አሰበ።
«እንዴት አዩት?» ብለው እርሳሴን ለመነኝ፤
ጽፎ፥ መጽሐፉን በሁለት እጁ አስረክቦ፥ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተኝ።
ሲሄድ ገለጥሁት። የመጨረሻው ገጽ፥ ከባዶው ሥር፦
«ሺንጎ፥ ያን ሌሊት ወደ እቶኑ ልልክህ አይገባኝም ነበር።»

ሌላ ቃል የለም። ሺንጎ ማን እንደሆነ አላውቅም።
ሁለተኛው ሸሚዙ ከካልሲዎቹ ጎን ተሰቅሏል፤ ሊወስደው አልመጣም።

የኔን ብትጠይቁኝ፥ መካከለኛ መጽሐፍ ነው፤
ደራሲው ቸኩሏል፤ የይቅርታውን ነገር በሁለት ገጽ ነው የጨረሰው።

ትናንት ኢሶጋይ መጣ፥ ክራቫቱ ኪሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ፤
መደርደሪያውን በዓይኑ ሲዳብስ አይቼ አቀበልሁት። ምንም አላለ።
ከአርባ አንደኛው ገጽ ጀመረ። ውሃው ተንቦጫረቀ፥ ባቡሩ አለፈ፤
ኩሬሃ ከበሩ ሆና «አለቃዋ አለቀች ወይ?» ብትለው፥
«ገና ናት» አለና ገጽ አጠፈ።