ገጽ አሥራ አራት

ኦዲል ቬርደን መጣች፣ ማክሰኞ በጠዋት፣
ቁልፍ በእጇ ይዛ፣ በሩ ለጠፋ ቤት።
ጫማዋ ላይ ደርቋል፣ የወንዙ ጥቁር ጭቃ፤
አልጮኸችም ከቶ፣ አላለችም «በቃ»፤
ወንበር ስቤ ሰጠኋት፤ ቆመች ተጠንቅቃ፣
ምንጣፋችንን እንዳታቆሽሽ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ለራንደል ፎርሼ፣ ለኢንሹራንስ ቤት፣
በሉዊዚያና ጫፍ፣ ባሕርና ምድር በማይለዩበት።
ስልኩን የማነሣ፣ ቅጹን የምሞላ፣
«እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብዬ ገጹን በችኮላ
የምገልጥ።
ራንደል ክፉ አይደለም፤ ልጆቿን በስም ያውቃል፣
ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲዳር አብሮ ይስቃል።
እያሳሳቀ ነው፣ ውሃም የሚወስደው።

ባሏን የቀበረች ሰሞን፣ የበጋ ወር ነበር፤
«ይህ ረግረግ» አለችው፣ «ያውቃል የቤቴን በር፤
ከእናቴ ወስዷል፣ ምድጃ ሁለቴ፤
ውሃን ይጨምራል ወይ? ንገረኝ በሞቴ!»
«ሁሉም ተሟልቷል» አላት፣ ሳቅ ብሎ፣ «እቴ፤
ነፋስ፣ እሳት፣ ሌባ... ይልቅ አርፈሽ ተኚ!
ኮሪን፣ ነይ ፈርሚ፣ ምስክር ሁኚ።»
ፈረምኩ።

ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ ከጉንዳን ባነሰ
ፊደል ተጽፎ ነበር፦ «ከምድር የፈሰሰ፣
ከባሕር የተነሣ፣ ከወንዝ የተመለሰ
ውሃ አይመለከተንም።»

ውሃው ግን ተመልክቷት፣ በመስኮት ገባ ቤት፤
ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ እስከ ግድግዳው ሰዓት።
አራት ተኩል ላይ ቆሟል።

ጠበቃ ዘንድ ሄዳለች፤ ዴልፊን ኡቤር ትባላለች፣
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ቢሮ ተከራይታለች።
ኦዲል እንደ ቆመች፣ ቃሏን ደገመችልኝ፦
«ኩባንያው ውሉን ይዞ፣ ፈርመሻል ይልሻል፤
ያልሸጥኩትን አልከፍልም ብሎ ይረታሻል።
ራንደል ግን ሌላ ነው፤ ጠይቀሽው መልሷል፤
የሚበጅሽን ትቶ፣ የቀለለውን ሸጧል።
ለግዛቱ ኮሚሽነር፣ አቤት ማለት አለ፣
ፈቃዱ ይመረመራል፣ ሰው ካታለለ፤
ካሣው ግን በፍርድ ቤት ነው።
ደግሞም ሲሳሳት የሚከፍልለት፣
እሱም ኢንሹራንስ አለው...»
(እዚህ ላይ ኦዲል ሣቀች፤
ጣሪያው እንደ ተነሣ ቤት፣ ውስጧ ታየኝ።)
«ግን ቀን ይቆጠራል፣ ካወቅሽበት ዕለት፤
ዓመት ከደፈነ፣ ይዘጋል የሕግ ቤት።
ችግሩ፣ በቃል ያለ ይረሳል።
ሲነግርሽ ማን ሰማ? ማን ይመሰክራል?»

የፋይሏን ቅጂ ነው የጠየቀችኝ።
እኔን አልጠየቀችኝም።

በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ቢጫ ደብተር አለ፤
ማን ምን እንደ ጠየቀ፣ ምን እንደ ተባለ
የምጭርበት። ራንደል «ይሄን ልማድ ተዪ» ይለኛል፤
የእሱ ሁለተኛ ልጅ፣ የክርስትና ልጄ ነው፤
ጡረታዬ ሁለት ዓመት ይቀረዋል።
ገለጥኩት። የገዛ እጄ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ወ/ሮ ቬርደን። ውሃ? — ሁሉም ተሟልቷል አላት።»
ከሥሩ ሌላ ምንም።

ማሽኑ እያጉረመረመ፣ ሃያ ሁለት ገጽ ቀዳሁ፤
ቆምኩ።
ከደብተሩ ደግሞ ሃያ ሦስተኛውን ቀዳሁ፣
ትኩስ ወረቀቱን በእጇ አኖርኩት።

ራንደል በሩን ገርበብ አድርጎ፣
«ምን ጠየቀችሽ?» አለኝ።
«ውሃ» አልኩት።