በማንቆርቆሪያዋ ሆድ

ኦሜኛ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከፋብሪካው ጓሮ፣
ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ከመብራት ጋር ኑሮ፤
ሥራዬ ድስት ማንሳት፣ ክዳንና ጭልፋ፣
የአንዱ ጥላ የሌላውን ጌጥ እንዳያጠፋ።

የሚያበራ ዕቃ ጠባዩ ያስቸግራል፤
ሊያነሱት ሲጠጉ፣ አንሺውን ያስቀራል።
ከነካሜራዬ፣ ከነመነጽሬ፣
ሆዱ ውስጥ እገኛለሁ፣ ድንክ ሆኜ፣ ዞሬ።
ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ራሴን ሸፍኜ፣
በቀዳዳ አያለሁ፣ እንደ ሌባ ሆኜ።
የተረፈም ካለ፣ ጣት ወይም ቅንድብ፣ ሳየው፣
ማታ በኮምፒውተር እጠርገዋለሁ፤ እንዳልነበረ ነው።

የሚከፈለኝ ለዚህ ነበር፦ በወጉ ላለመኖር።

አንዲት ማንቆርቆሪያ፣ ቁጥሯ ሰባ አራት፣
አፏ እንደ ወፍ ሹል፣ ፉጨት ያለባት፣
ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። ታትማ ሳያት፣
የሰማያዊ እጅጌዬ ጫፍ አንገቷ ላይ ቀርታለች፣
የፀጉር ያህል ቀጥና።
አለቃዬ ኦልጂያቲ አላየም። እኔም አልነገርኩት።

ካታሎጉ ተበተነ። ፋብሪካው ተዘጋ።
እኔም ጡረታ ወጣሁ፣ ከወገቤ ጋር ላወጋ።

ባለፈው ጥር አንድ ማታ፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣
ያቺን ሰባ አራትን ልገዛት አማረኝ።
ብፈልግ፣ ብፈልግ በሽያጭ ድረ ገጽ፣
አሥራ አራት ሻጭ አገኘሁ፤ አሥራ አራቱም አንድ ገጽ።
ከባሪ፣ ከኡዲኔ፣ ከሊዮን፣ ከግራዝ፣
አንዱ ውድ፣ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ «ደውሉ» የሚያዝ፤
ከሁሉም አንገት ላይ ያቺ ሰማያዊ ክር!
አሥራ አራት ቤት ገብቻለሁ ለካ፣ ማንም ሳይናገር።

ከትሪየስቴ አዘዝኩ፤ ሻጯ ፊዮረንዛ፤
«እንደ አዲስ ናት» ይላል፣ ዋጋዋም አይበዛ።
ሳጥኑ ሲከፈት፦ ቂጧ የከሰለ፣
ፉጨቷ የጠፋ፣ ጎኗ ጎድጎድ ያለ፣
እጀታዋ በሽቦ ታስሮ፣ ተጠምጥሞ፤
ደሜ ፈላ ወዲያው፣ ከውሃው ቀድሞ።

ጻፍኩላት፦ «እመቤቴ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤
ያ ፎቶ የእርስዎ አይደለም፣ ዕቃዎን አያውቅም።
ያነሳሁት እኔ ነኝ። እጅጌዬ ምስክሬ ነው።»

ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው መለሰች፦

«እውነት ነው፣ ሲኞር ኤርሜቴ። ገንዘብዎን እመልሳለሁ።
እኔም አንስቻት ነበር፤ ስድስት ጊዜ ሞክሬያለሁ።
ግን ሆዷ ውስጥ ወጥ ቤቴ ነበር፦
የተነቀለ መደርደሪያ፣ ባሌ ሲሄድ የተወው ወንበር፣
ካርቶን እስከ ጣሪያ፣ እኔም በሌሊት ልብሴ፣
ስልኬን እንደ ጋሻ ይዤ፣ ከጀርባው ያልተበጠረ ራሴ።
ይህን ለማላውቀው ሰው በስምንት ዩሮ ልሽጠው?
የፋብሪካው ፎቶ ንጹሕ ነበር።
ማንም አልነበረበትም።»

ከታች ስድስተኛውን አያይዛለች።

አጎላሁት። ብርሃኑ ብልሹ፣
መስመሮቹ ሁሉ ከመሃል የሸሹ፤
ድሮ ቢሆን፣ አንድ ተማሪ ቢያመጣው፣
«እንደገና አንሳ» ብዬ ነበር የማስወጣው።
ግን እዚያ ጠማማ ቤት፣ ከእጀታው ሥር፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣
ስታነሳ፣ ስትነሳ፣ ሳትሰወር።

«ገንዘቡ ይቅር» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በሳምንቱ ወንበሩን ለሽያጭ አውጥታው አየሁ።
ፎቶው የራሷ ነው። «አንድ እግሩ ይነቃነቃል» ይላል ከሥሩ፤
በምስሉ ጠርዝ የነጠላ ጫማዋ ጫፍ ገብታለች።
እኔ አልገዛሁትም። ከጎሪዚያ አንድ ሰው ወሰደው፣
በዚያው ቀን፣ ሳይከራከር።

ማንቆርቆሪያዋ ምድጃዬ ላይ ናት። አታፏጭም።
ስለዚህ እስክትፈላ አጠገቧ መቀመጥ ግድ ነው።
ጎድጎድ ባለው ጎኗ አንድ ሽማግሌ አለ፣
ሰማያዊ እጅጌው ሙሉ፣ አፍንጫው እንደ ዱባ ያበጠ።
እንፋሎቱ ሲነሳ ፊቱን ይሸፍነዋል።
እጄን ሰድጄ እጠርገዋለሁ።