ቁልፉ ከውስጥ

ታርቱ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ ሥር፣
ስድስት ደረጃ ወርዶ፣ አምፖል በሚበራበት በቀትር፣
አንድ ጠጋኝ አለ፣ ጫማ ሳይሆን የሚጠግን ፋይል።
ስሙ ታርሞ ይባላል።
በአገሩ ተራ ስም ነው፤ በእኔ ጆሮ ግን ሲያልፍ
ስሕተቱ የተለቀመለት፣ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት ጽሑፍ።

የካቲት ነበር። በቦቲዋ በረዶ እንዳዘለች
ቪርቬ የምትባል መበለት ገባች።
ከኪሷ ፍላሽ አወጣች፤ ከፍላሹ ጋር አብሮ
አንድ የካፖርት ቁልፍ ወጣ፣ በክር ታስሮ።
«የካልዮ ነው» አለች፣ የቱ እንደሆነ ሳትለይ፤
«ባሌ ነበር። እባክህ ክፈተውና እይ።»

ፋይሉ ስድስት መቶ ሜጋባይት፣ ሃያ ዓመት ያለፈው፣
ካልዮ የሲዲውን ምስል ቀርጾ ያተረፈው።
የቀረጸበት ፕሮግራም በገዛ ፊደሉ የሚጽፍ፣
ለሌላው ድዳ ሆኖ ለጌታው ብቻ የሚለፈልፍ።
ጌታውም የለም። ኩባንያው ተዘግቶ፣ በድረ ገጹ ዛሬ
የውሻ ቀለብ ይሸጣል፤ የደረቀ፣ ጥሬ።

ታርሞ ሞከረ።
አንዱ ፕሮግራም «አላውቀውም» አለ።
ሌላው ከፈተውና ባዶ ማኅደር አሳየ።
ለአሮጌ ዊንዶውስ የተሠራው በአዲሱ ላይ አልጫንም አለ፤
የተጫነውም ገንዘብ ጠየቀ።
ቅጥያውን ቀየረለት፤ ያው ነው።
ስም መቀየር ጠባይ አይቀይርም።

«አብሮት ትንሽ ፋይል አልነበረም?» አለ፤ «የትኛው የት እንዳለ
የሚናገር፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ?»
«አንዲት ነበረች» አለች ቪርቬ፤ «ሁለት ኪሎባይት የማትሞላ፤
ኮተት መስላኝ አጠፋኋት፣ ባለፈው በጋ፣ ከምሳ በኋላ።»
ታርሞ ምንም አላለም።
እኔ ላፕቶፔን ልወስድ መጥቼ ጥግ ተቀምጬ ነበር፤
እኔም ምንም አላልኩም።

ከዚያ ፋይሉን በጥሬው ከፈተው፣ ያለ አስተርጓሚ፣ በቁጥር።
ዜሮ። አሥር ጊዜ ሙሉ። ዜሮ።
መነጽሩን ወለወለ።
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ባይት ወረደ፤
ዜሮ። አሥር ጊዜ ሙሉ። ዜሮ።
እንደገና ወረደ። እንደገና።
እንደ አጥር ቋሚ፣ በእኩል ርቀት የተተከለ።

«ይኸውልህ!» አለ ለራሱ፤ «ምስጢር ብለው የሸጡት
ከላይ የለጠፉት ማኅተም ነው፤ ከሥሩ የሁሉም ነው፣ እንደጥንቱ።»
ከየክፍሉ ራስጌ አሥራ ስድስት ባይት ቆረጠ፤
ከግርጌም ትርፉን መልጦ አወጣ፤
ገለባው በነነ፣ ፍሬው ቀረ።
አሥራ ስድስት ባዶ ክፍል፤ ከዚያ በአሥራ ሰባተኛው ደጃፍ
«ሲዲ ዜሮ ዜሮ አንድ» የሚል ጽሑፍ።

ተከፈተ።
መጀመሪያ የወጣው ፕሮግራሙ ራሱ ነበር፤ ያው፣ ስንፈልገው የዋልነው፣
መለያ ቁጥሩ በጽሑፍ፣ ካልዮም በጥንቃቄ ያከለው፦
«ይህን ዲስክ ለመክፈት አስቀድመህ ይህን ጫን።»

ቪርቬ ሳቀች፣ ወንበሩን እስክትይዝ።
«አንድ ክረምት የሳውናውን ቁልፍ ሳውናው ውስጥ ቆልፎ
በመስኮት ገብቷል፣ ፎጣ ብቻ አገልድሞ፣ ጎረቤት ተሰልፎ!»

ቀጥሎ ሠንጠረዥ፣ ሠላሳ አንድ ክረምት፤
የወንዙ ግግር ውፍረት በሴንቲሜትር፣ በየጠዋቱ።
መጋቢት ሁለት፣ ሠላሳ አራት።
መጋቢት ሦስት፣ ሠላሳ አራት።
መጋቢት አራት፣ ሠላሳ ሦስት ተኩል፤ ድመቷ ተከትላኛለች።

ታርሞ ሁሉን በክፍት ቅርጽ ገለበጠላት፣ ማንም በሚያነበው።
«ከሃያ ዓመት በኋላስ» አለች፣ «ይከፈታል?»
«ይመስለኛል» አለ፤ ከአፉ ሳይጨርሰው
ማተሚያውን አበራና የመጨረሻውን ገጽ በወረቀት ሰጣት።
ቪርቬ ከታች ጀምራ አነበበች፤
በመጨረሻው መስመር ቁጥር የለም።
«ዛሬ ውሃ ነው» ይላል።